የፎቶ ቤቱ ኮት

ባለፈው ሳምንት የልጄ ልጅ ቃልኪዳን ከዩኒቨርሲቲ ስትመለስ በረንዳው ላይ አጠገቤ ቁጭ አለችና ስልኳን ወደ ዓይኔ አስጠጋችልኝ። የወላይታ ሶዶ ልጆች የድሮ ፎቶ እየሰበሰቡ የሚለጥፉበት ቦታ አለ አሉ፤ አንዱ የአባቱን፣ አንዱ የአጎቱን ያመጣል። በጣቷ እየገፋች አምስት ስድስት ወንዶች አሳየችኝ። አንዱ ወፍራም ነው፣ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ጢማም፤ ሁሉም ግን ያንኑ ባለ መስመር ጥቁር ኮት ለብሰው፣ ግራ እጃቸውን ያንኑ ራዲዮ ላይ ጣል አድርገው፣ ከራሳቸው በላይ ያው አንድ አውሮፕላን እየበረረ ቆመዋል። «አባባ፣ እነዚህ የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ናቸው? ዩኒፎርም ነው?» አለችኝ። መነጽሬን አስተካክዬ ሳይ አራተኛው ሰውዬ እኔ ነኝ።

ቃልኪዳን አላወቀችኝም፤ አልፈርድባትም። ያ ልጅ ፀጉሩ ጥቁር ነው፣ አንገቱ ቀጥ ያለ ነው፣ ደግሞ በዕድሜዋ ኮት ለብሼ አይታኝ አታውቅም። ለእሷ የነገርኳትን ነው እንግዲህ እዚህም የምጽፈው። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ስለሆነ ፊደሌ ቢንጋደድ ይቅር በሉኝ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ፎቶ ቤቱ ከገበያው ከፍ ብሎ፣ ወደ ዳሞታ ተራራ በሚያወጣው መንገድ ዳር ነበር። ባለቤቱን ጋሽ ተፈራ እንለው ነበር፤ ከአዲስ አበባ መጥቶ እዚሁ የቀረ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ጣቶቹ በፎቶ ማጠቢያው መድኃኒት ቡናማ የሆኑ ሰው ነው። ቤቱ ከውጭ ሲያዩት ጭቃና ቆርቆሮ ነው፤ ገባ ሲሉ ግን ሌላ አገር ነው። ግድግዳውን ሙሉ የሸፈነ አቡጀዲ ላይ በስተግራ ባሕር፣ በስተቀኝ የእብነ በረድ ደረጃ፣ ከላይ አውሮፕላን ተሥሎበታል። ከፊቱ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ራዲዮ አለ። ራዲዮው ሆዱ ባዶ ነው፤ ጋሽ ተፈራ የልብስ መቆንጠጫዎቹን የሚያስቀምጠው እዚያ ውስጥ ነበር። ሽቦ የሌለው ስልክም ነበረው። የእጅ ሰዓትም ነበረው፤ እሱ ደግሞ አሥር ሰዓት ላይ ቆሟል፤ ስለዚህ በዚያ ዘመን የሶዶ ወንድ ሁሉ ፎቶ የተነሣው በአሥር ሰዓት ነው።

ኮቱ ግን አንድ ነው። ተዛውሮ የሄደ ሹም የተወው ነው ይባል ነበር። ወፍራም ሰው ሲመጣ አይቆለፍም፤ ቀጭን ሲመጣ ከኋላው በመቆንጠጫ ይሰበሰባል። ከፊት የሚያይ ሰው የተለካ ይመስለዋል።

የዚያን ቤት ሌላው ጉድ ማስታወቂያዎቹ ነበሩ። ጋሽ ተፈራ ከመጽሔትና ከቀን መቁጠሪያ እየቆረጠ፣ ቡላ በውኃ አፍልቶ እንደ ሙጫ እየቀባ፣ የመግቢያውን ግድግዳ በሥዕል ሞልቶት ነበር። ጥርሱን ብልጭ ያደረገ የሳሙና ሰውዬ፣ ብስክሌት የተደገፈ ሰውዬ፣ በራዲዮ ዜና የሚሰማ ሰውዬ፣ ቢራ የጨበጠ ሰውዬ። እኛ ወረፋ ስንጠብቅ እነሱን እያየን እንዴት መቆም እንዳለብን እንማራለን። «እንደ ብስክሌቱ ሰውዬ አድርገህ አንሣኝ» ይባላል። የራስ ምታት ክኒን የሚያስተዋውቅ ግንባሩን በእጁ የያዘ ሰውዬም ነበር፤ አንድ የቦሎሶ ገበሬ ሐሳብ ላይ ያለ የተማረ ሰው መስሎት እንደሱ ልነሣ ብሎ ተነሥቷል። ፎቶው ወጥቶ ዘመዶቹ ሲያዩት ምን አሞህ ነው ብለው ማር ይዘው እንደመጡ ራሱ ነግሮኛል። እኔ የመረጥኩት የራዲዮውን ሰውዬ ነው።

ፎቶ የተነሣሁት ለጨዋታ አልነበረም። ያኔ ወፍጮ ቤት ነው የምሠራው፤ ጠዋት ጥቁር ሆኜ ገብቼ ማታ ነጭ ሆኜ እወጣለሁ። አማረች የምትባል የቦዲቲ ልጅ ሶዶ አክስቷ ቤት በምትመጣበት ጊዜ በቆሎ ልታስፈጭ ትመጣ ነበር። ወፍጮ ሲዞር ሰው ከሰው አይሰማማም፤ ስለዚህ አንድም ቀን አላናገርኳትም። ጆንያውን ስቀበላት ታየኛለች፣ ዱቄቱን ሳስረክባት ታየኛለች፣ በቃ። ለአጎቴ ለኦይቻ ነገርኩት። አባት ስለሌለኝ ሽማግሌ ሆኖ የሚሄድልኝ እሱ ነው። ያን ጊዜ ሽማግሌ የልጁን ፎቶ በኪሱ ይዞ መሄድ አዲስ ፋሽን ሆኖ ነበርና አጎቴ ፎቶ አምጣ አለኝ፤ አመጣሁ። አጎቴ ፎቶ ቤት ገብቶ አያውቅም። ኮቱን ሲያይ ገዝቼው መስሎታል።

የአማረች አባት አቶ አንጁሎ የቅቤ ነጋዴ ነበሩ። በእኛ በወላይታ ሽማግሌ ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጎሳ ነው። አንድ ጎሳ የሆኑ ሰዎች ወንድምና እህት ናቸው፣ አይጋቡም፤ ጎሳውን ደብቆ ልጅ የጠየቀ ሰው ከሌባ የከፋ ስም ይወጣለታል። አጎቴ ጎሳችንን ተናገረ፣ የእነሱ ሌላ ነው፣ ጥሩ ተባለ፤ ፎቶዬ እዚያው ቀርቶ ለመልሱ ቀጠሮ ተያዘ።

አጎቴ በቀጠሮው ሲሄድ አቶ አንጁሎ ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን አስቀምጠው ጠበቁት። በመሐሉ ከአረካ አንድ የመኪና ረዳት ለአማረች ሽማግሌ ልኮ ኖሯል፣ እሱም ፎቶ አስይዞ። ኮቱ ያው ነው፣ ራዲዮው ያው ነው፣ ጠረጴዛው ያው ነው። አቶ አንጁሎ ፎቶ ቤት የሚባለውን ከደጅ እንኳ አያውቁትም፤ ሰው የሚነሣው በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ዕቃው መሐል ነው የሚመስላቸው። ኮት ደግሞ ያኔ እንደ በሬ ነው፤ ከአባት ለታላቅ፣ ከታላቅ ለታናሽ ይወርዳል እንጂ ከቤት አይወጣም። ስለዚህ ነገሩን በራሳቸው አስተካክለው አስበውታል፤ እነዚህ ሁለት ልጆች የአንድ ቤት ወንድማማቾች ናቸው፤ ወንድማማቾች ከሆኑ ጎሳቸው አንድ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ግን ሁለት የተለያየ ጎሳ ተናግረዋል፤ እንግዲህ አንደኛው ዋሽቷል፣ ምናልባትም ሁለቱም። በዚያ ላይ ጣታቸውን ባሕሩ ላይ አድርገው «ቤታቸው አባያ ሐይቅ ዳር ነው። አንተ የሶዶ ነን አልከኝ» አሉት።  ነገሩ እስከ ጊፋታ፣ ማለት እስከ አዲስ ዓመታችን ካልጠራ፣ ልጄን ፎቶ ለሌለው ለአንድ የሑምቦ ሰው እሰጣለሁ ብለው አሰናበቱት።

አጎቴ ያን ቀን ቤቱ ሳይገባ በቀጥታ ወፍጮ ቤት መጣ። ሞተሩን አስጠፍቶ ወደ ደጅ ጠራኝ።

«ኮቱ የማን ነው?»

ነገርኩት።

«ራዲዮውስ?»

«እሱም የጋሽ ተፈራ ነው።»

«የሰው ኮት ለብሰህ የሰው ልጅ ትጠይቃለህ?» አለኝ። ይህን ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። 

በአምስተኛው ቀን ጋሽ ተፈራ ዘንድ ሄጄ ኮቱን ለአንድ ቀን አውሰኝ፣ ቦዲቲ ወስጄ ለሰውዬው ላሳይ ብዬ ለመንኩት። የጊፋታ ሰሞን ነው፣ ወረፋው እስከ መንገዱ ድረስ ወጥቷል። ኮቱ ከሄደ ፎቶ ቤቱ ተዘጋ ማለት ነው አለኝ፤ እውነቱን ነው። ትንሽ አሰበና «ሰውዬውን አምጣቸው። እኔ በነጻ አነሣቸዋለሁ» አለኝ።

አጎቴ ሦስት ጊዜ ቦዲቲ ተመላልሶ አቶ አንጁሎን በገበያ ቀን ይዟቸው መጣ። እኔ በር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። ከሳቸው ሌላ አራት ሰው ወረፋ ይዞ ነበር፤ ኮቱ ከአንዱ ትከሻ ላይ ሙቀቱ ሳይለቀው ወደ ሌላው ትከሻ ይሄዳል፣ አቶ አንጁሎ በትራቸውን ተደግፈው ያያሉ። ከዚያ ጋሽ ተፈራ ለናሙና መስታወት ውስጥ የሰካቸውን ፎቶዎች አዩ። ከሃያ የማያንሱ ሰዎች ናቸው፣ ሁሉም በዚያው ኮት። በበትራቸው ጫፍ አንድ በአንድ እየነኩ እስከ መጨረሻው ሄዱና ወደ ጋሽ ተፈራ ዞሩ።

«እነዚህ ሁሉ ልጄን ፈልገዋል?»

«አይ አባቴ፣ ግማሾቹ ያገቡ ናቸው» አለ ጋሽ ተፈራ።

ወረፋ ላይ ያሉት ሳቁ፤ እሳቸው አልሳቁም። ወደ አቡጀዲው ሄደው ባሕሩን በእጃቸው ዳሰሱ፤ ጫፉን ገልበው ከኋላው ሲያዩ የጭቃ ግድግዳና አንድ የላምባ ቆርቆሮ አገኙ። ራዲዮውን እንደ ዱባ በጣታቸው አንኳኩተው አዳመጡ። ከዚያ ጋሽ ተፈራ በልስላሴ ኮቱን አለበሳቸው። ሰዓቱን ሊያስርላቸው ሲል ግን የሞተ ሰዓት አላስርም ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ። ማስታወቂያዎቹንም ዞረው አላዩም፤ በገዛ በትራቸው ላይ ሁለት እጃቸውን አድርገው ቀጥ ብለው ቆመው ፎቶ ተነሡ።

ኮቱን ሲያወልቁ ነው ወደ እኔ የመጡት። በወላይትኛ፣ ቀስ ብለው፣ «ኮቱ ያንተ አይደለም። ራዲዮው ያንተ አይደለም። ባሕሩም ያንተ አይደለም። ታዲያ የላክልኝ ምኑን ነው?» አሉኝ።

 «ፊቴን ነው» አልኳቸው። «ፊቴ የራሴ ነው።»

በትራቸውን ይዘው ወጡ፤ አጎቴም ተከትሏቸው ሄደ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። አቶ አንጁሎ ቤታቸው ገብተው የጎሳው ነገር ጠርቷል፣ ልጆቹ ወንድማማች አይደሉም፣ ግን ሁለቱም በሰው ዕቃ የሚያጌጡ ናቸውና የሑምቦው ይሻላል ብለዋል። ያን ጊዜ ባለቤታቸው እማማ ዳመነች ፎቶውን ስጡኝ አሉ። እስከዚያ ድረስ ለእሳቸው ያሳያቸው አልነበረም፤ የሽማግሌ ጉዳይ ነው፣ ከሽማግሌ ኪስ ወደ አባወራ ኪስ ነው የሄደው። በር ላይ ወጥተው፣ ብርሃኑ ላይ አድርገው፣ ኮቱን በአውራ ጣታቸው ሸፍነው ፊቱን ብቻ ለብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ አማረችን ጠርተው የሁለቱንም አሳዩአት። አማረች ወዲያው የእኔን ለይታ «ይሄ የወፍጮ ቤቱ ልጅ ነው» አለች፤ ቅንድቤ ላይ ዱቄት ይታያል። እናትየውም አይተውታል። ወደ ባላቸው ዞረው «ኮት ተውሷል። ሥራው ግን ግንባሩ ላይ ነው» አሏቸው።

እውነቱን ለመናገር ዱቄቱን ለመደበቅ በደንብ ታጥቤ ነበር፤ ሳሙናው ነው ያልቻለው። ማስታወቂያው ላይ ያለው ሰውዬ እንዲያ የሚስቀው በምን ሳሙና ታጥቦ እንደሆነ አላውቅም።

ጊፋታን በሰላም አሳልፈን ተጋባን። የአረካው ልጅ አገሩ አገባ፣ በኋላም ወዳጅ ሆንን፤ ስንገናኝ ወንድሜ እያለ ይጠራኝ ነበር። አቶ አንጁሎ ፎቷቸውን አጎቴ ሲያመጣላቸው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት፤ እንግዳ ሲመጣ ኮቱ የማን እንደሆነ እሳቸው ራሳቸው ቀድመው ይናገራሉ። ሲያርፉም ለቀስተኛው ያንን ፎቶ ይዞ አለቀሰ። ሌላ ፎቶ አልነበራቸውም፣ አላስፈለገምም። ዛሬ የልጅ ልጅ ልጆቻቸው ሳይቀሩ በትራቸውን ያውቁታል።

ፎቶ ቤቱ ያለበት ቦታ አሁን ፎቅ ነው፣ ሥሩ የስልክ ዕቃ ይሸጣል፣ በሩ ላይ ባጃጆች ይሰለፋሉ። ጋሽ ተፈራ ወደ አገሩ ተመልሶ እዚያው ሞተ ተባለ፤ በካርቶን የነበሩት ፊልሞቹ ቤቱ ሲፈርስ ከአፈሩ ጋር ተዝቀው ሄዱ። ስንት ሰው እዚያ ውስጥ እንደነበረ እንጃ። ያም ሆኖ የወንዶቹ በየቤቱ አንዳንድ ቀርቷል፣ ይኸው ስልክ ላይም ወጥቷል።

እማማ ዳመነች ከባላቸው በኋላ ስምንት ዓመት ኖረዋል። ሶዶ እኛ ዘንድ ስንት ጊዜ መጥተዋል፣ በዚያ ፎቶ ቤት ደጅ ከእኔ ጋር ስንት ጊዜ አልፈዋል። አንድም ቀን ግቡና ተነሡ አላልናቸውም። ለሴት የሚሆን ልብስ ስላልነበረው ይሁን፣ ነገ ይደርሳል ብለን ይሁን፣ አሁን ምክንያቱን ብፈልገው አላገኘውም። ሲሞቱ በለቅሶው ላይ የተያዘው ቀሚሳቸው ነው።

ባለፈው መስቀል ልጆቹ ተሰብስበው አማረችን እናትሽ ምን ይመስሉ ነበር ብለው ጠየቋት። እኔ የሥጋውን ማባያ፣ ዳጣውን፣ እያቀበልኩ ነበር። ቁመታቸውን በእጇ አሳየች፣ አንገታቸው ላይ ያለውን ንቅሳት ነገረቻቸው፣ ዓይናቸው ትንሽ ነው አለች። ከዚያ አፍንጫቸው ጋ ስትደርስ ቆመች። ወደ እኔ ዞራ «አንተ ታስታውሳለህ?» አለችኝ።  ድምፃቸው ይመጣልኛል፣ አውራ ጣታቸው ይመጣልኛል፤ ፊታቸው ግን እምቢ አለኝ።

«አባቴ ያን ቀን ፎቶ ቤት ብቻውን ባይመጣ ኖሮ» አለችና ወደ ሳህኗ ተመለሰች።

የኮት ጉዳይ ነው፣ ኮት የወንድ ነገር ነው ብለን ሴትዮዋን ቦዲቲ ተውናቸው። ከሁላችንም መሐል ፎቶ ማየት የቻሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ።