ብርድ ልብስ የለበሰው ኮምፒውተር

በምሠራበት ቢሮ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አለ፤ ከሰዓት በኋላ ማራገቢያው መጮህ ይጀምርና ከጀርባው የጋለ አቧራ ሽታ ይወጣል። የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ አይደለም፤ የስንዴ ገለባ ከሱፍ ጋር ተቀላቅሎ ቢሞቅ የሚሸተውን ይመስላል። ባልደረቦቼ መስኮት ይከፍታሉ። እኔ ግን ሽታው አፍንጫዬ ሲደርስ ሮቤ ያለው ቤታችን፣ ወንድሜ ነስሩ ይተኛበት የነበረው ጠባብ ክፍል፣ አባቴም ከኋላዬ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ትንፋሹን ውጦ ሲጠብቅ ይመጣብኛል።

ነስሩ ኮምፒውተሩን ያመጣው በበልግ፣ ለዕረፍት ሲመጣ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ ያገለገለ ኮምፒውተር ከሚመረቅ ጓደኛው ገዝቶ፣ ስክሪኑን በፎጣ ሳጥኑን በካርቶን ጠቅልሎ፣ በአውቶቡስ ጭኖ መጣና ከአልጋው አጠገብ ባለችው ጠረጴዛ ላይ አቆመው። ውጪ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ከሳነቴ ተራራ የሚወርደው ብርድ በበሩ ሥር እየገባ፣ እሱ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ስክሪኑ ፊት ይቀመጥ ነበር። ጠርዙ ላይ ቀይ መስመር ያለው ቡናማ፣ ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ ነበር። እኔ ያኔ አምስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ እንግዳ ሲመጣ መጋረጃ ጀርባ የምገባ፣ መምህር ስሜን ሲጠራ ድምፄ የሚጠፋብኝ ልጅ ነበርኩ። ነስሩ በሩ ላይ ቆሜ ሲያየኝ፣

«ነይ ኢንተሎ፣ አይናከስም» ይለኝ ነበር። ኢንተሎ በኦሮምኛ ልጅት ማለት ነው፤ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም።

«ብነካው ቢበላሽስ?»

«ከተበላሸ አንቺ ትጠግኚዋለሽ። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ዝምተኛ ሰው ነው፤ ኮምፒውተር ለፍላፊ አይወድም።»

እንዲህ እየቀለደ አስተማረኝ። በስክሪኑ ግርጌ በግራ በኩል ያለችውን ምልክት ስጫን ሜኑ ይከፈታል፤ ከዚያ ወደ ሙዚቃ፣ ከዚያ ወደ ፎቶዎች እገባለሁ። «ይሄ በር ነው» ይለኝ ነበር፤ «በሩን ከከፈትሽ ቤቱ ያንቺ ነው።» የኢድ ዕለት ሁላችንንም በስልኩ ፎቶ አንስቶ፣ እሱንም እኔ አንስቼው፣ ፎቶዎቹን ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጦ ከስልኩ አጠፋቸው፤ ስልኩ ብዙ አይዝም ነበርና። ኮምፒውተሩ አንዳንዴ ሲደርቅበት «ስታክ አደረገ» ብሎ አጥፍቶ ያበራው ነበር፤ ያኔ ማንም ስለዚህ ነገር አይጨነቅም ነበር።

ክረምቱ ሲገባ የዩኒቨርሲቲው ትምህርት ተቋረጠና ነስሩ ተመልሶ ቤት መጣ። ለምን እንደተቋረጠ ትልልቆቹ እኛ ፊት አያወሩም ነበር፤ ሬዲዮኑ ሲከፈት አባቴ ድምፁን ይቀንሰዋል፣ ጎረቤት ሲገባ ያጠፋዋል። አንድ ጠዋት፣ ጭጋጉ ገና ከመንገዱ ሳይነሳ፣ ሰዎች መጥተው ነስሩን በስሙ ጠሩት። ሸሚዝ ብቻ እንደለበሰ ወጣ። ክፍሉ ውስጥ ገብተው ስልኩንና የኮምፒውተሩን ሳጥን ወሰዱ፤ ስክሪኑን ተዉት፣ ገመዶቹ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተንጠልጥለው ቀሩ። አዮ፣ እናታችንን የምንጠራት እንዲህ ነው፣ መጀመሪያ እንደ ድንጋይ ደርቃ ቆመች፤ በኋላ ግን ብርድ ልብሱን ከአልጋው ላይ ገፍፋ ተከትላቸው ሮጠች። መኪናው ጥጉን ዞሮ ነበር። ብርድ ልብሱን እንደታቀፈች፣ ጫማዋ ጭቃ ለብሶ፣ ተመለሰች።

አባታችን አቦ የእህል ነጋዴ ነበር። መጋዘኑን እየዘጋ ሮቤ፣ ጎባ፣ ጎሮ፣ ጊኒር ድረስ ጠየቀ። በየሄደበት «እዚህ የለም» ብለው ይመልሱታል። ማታ ሲመለስ አዮ ምንም አትጠይቀውም ነበር፤ ኮቱን ስትቀበለው ፊቱን ታያለች፣ ይበቃታል።

መኸር ደረሰ። በእኛ አገር በመኸር ወራት ኮምባይነሮቹ ከተማው ዳር ድረስ ሲያጭዱ ይውላሉ፤ ነፋሱ ገለባውን እያመጣ በመስኮት፣ በበር፣ በቆርቆሮው ሽንቁር ሁሉ ያስገባዋል፤ ሰው ሁሉ ያስነጥሳል፣ ሻይ ላይ ሳይቀር ገለባ ይንሳፈፋል። በዚያ ሰሞን አቦ ተጠርቶ ሄደና የኮምፒውተሩን ሳጥን በስንዴ ጆንያ ከትቶ በትከሻው ተሸክሞ መጣ።

«ዕቃችሁን ውሰዱ ተባልኩ» አለ።

«እሱስ?» አለች አዮ።

«ስለ ዕቃው ብቻ ነው የጠሩኝ።»

አዮ ሳጥኑን ለረጅም ጊዜ ቆማ አየችው። ከዚያ የነስሩን ብርድ ልብስ አምጥታ፣ ሳጥኑንም ስክሪኑንም አንድ ላይ፣ ብርድ እንደመታው በሽተኛ አድርጋ ሸፈነችው። ሳጥኑ ከወሰዱት ሰዎች ዘንድ ሰንብቶ ሲመጣ ጆሮና ዓይን አብጅቶ ነው የመጣው ብላ አምና ነበር። በዚያ ክፍል ደጃፍ ስታልፍ አማርኛዋን ትታ በኦሮምኛ ታንሾካሹካለች፤ አቦ ይህን አይቶ፣ «ለምን ትደክሚያለሽ፣ እሱም እንደኛው ሁለቱንም ይችላል» አላት። ከክረምት ወዲህ ከአፉ የሰማነው ቀልድ ያ ብቻ ነበር፤ ማንም አልሳቀም፣ ይልቁንም ከዚያ በኋላ አዮ ሹክሹክታውንም ተወችው።

በጋው ላይ አቦ በአንድ እስር ቤት በር ተሰልፎ ሳለ፣ እንደሱው ልጃቸውን የሚፈልጉ ሽማግሌ አገኙት። «ስም አይበቃም» አሉት፤ «ስም ተሳስቶ ይጻፋል። የልጁን ፎቶ ያዝና ለሚፈታ ሰው ሁሉ አሳየው፤ ያየው ካለ ይነግርሃል።» አቦ ይህን ይዞ ሲመጣ ቤቱን ሁሉ ፈተሽን። ያገኘነው ነስሩ ስምንተኛ ክፍል ሳለ የተነሳው ጉርድ ፎቶ ብቻ ነበር፤ ጆሮው ከፊቱ የበለጠ፣ አንገቱ ቀጭን የሆነ ልጅ። የተወሰደው ነስሩ ግን ጢም ያለው ረጅም ጎልማሳ ነበር። የኢድ ፎቶዎቹ ያሉት ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው፤ ኮምፒውተሩን የሚያውቀው እሱ ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ የማውቀው እኔ ነበርኩ።

እናም የበጋው ሥራችን ይህ ሆነ። ከትምህርት ቤት ስመለስ አቦ መጋዘኑን ዘግቶ ይመጣና በርጩማውን ስቦ ከኋላዬ ይቀመጣል። አዮ ገብታ የብርድ ልብሱን ጫፍ ከስክሪኑ ፊት ብቻ ትገልጠዋለች፤ ሳጥኑ እንደተሸፈነ ይቀራል፣ ከዚያ በላይ መግለጥ ክልክል ነበር። «ቢስሚላህ በይና ክፈቺው» ይለኛል አቦ። ኮምፒውተሩ ይነሳል፣ ማራገቢያው ብርድ ልብሱ ውስጥ ያጉረመርማል፣ ምልክቷን እጫናለሁ፣ ሜኑው እስከ ግማሹ ወደ ላይ ይወጣና እዚያው ይቀራል። ማውሱን ባንቀሳቅሰው ቀስቷ አትሄድም፤ በቀኝ ጥግ ያለው ሰዓት ሳይቀር ይቆማል።

«ቆመ?»

«ቆመ አቦ።»

«እንደገና።»

የማውቀውን ሁሉ ሞከርኩ። ነስሩ ያሳየኝን ቁልፎች አንድ ላይ ተጫንኩ፣ ጌሞቹን አጠፋሁ፣ የስክሪኑን ገጽ ከተደረደሩት ምልክቶች አጸዳሁ፣ ማውሱን ነቅዬ ሰካሁ፣ ሶኬቱን ቀየርኩ። አንዳንድ ቀን ሜኑው ሙሉ ይከፈትልኝና ፎቶዎች የሚለው ላይ ስደርስ ይደርቃል። ጠዋት፣ በብርዱ፣ ትንሽ ይቆይልኝ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ግን ወዲያው ነበር የሚቆመው። ይህን ልዩነት አስተውዬው ነበር፤ ምክንያቱን ግን አላወቅኩም፣ እንደኛው እየመሸ ሲሄድ ፍርሃት የሚይዘው ነበር የሚመስለኝ።

መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተር የሚጠግን አንድ ወጣት ነበር። አቦ ሳጥኑን ተሸክሞ፣ እኔ ገመዱን ይዤ ሄድን። ወጣቱ ነስሩን ያውቀዋል፤ ጆንያው ሲከፈት ሳጥኑን አይቶ እጁን መልሶ ሰበሰበ፣ ወደ በሩም ተመለከተ።

«ኦቦ ከድር፣ ይቅር ይበሉኝ። እዚያ ደርሶ የመጣ ዕቃ እኔ ቤት ሊታይ አይችልም፤ እኔም ልጆች አሉኝ።»

«ሜኑው ብቻ ነው ልጄ። ፎቶ ላወጣ ነው።»

«ገብቶኛል። ነስሩ ራሱ ሲመጣ ይዞልኝ ይምጣ፣ በነጻ እሠራለታለሁ።»

አቦ «ኢንሻአላህ» አለና ጆንያውን መልሶ አሰረው። እኔም ወጣቱን ለመጥላት ሞክሬ አልቻልኩም፤ ሲናገር ዓይኑን ከበሩ እንዳላነሳ አይቼ ነበር።

በጋው ሊያልቅ ሲል አንድ ጠዋት የፎቶዎቹ ማኅደር ተከፈተልኝ። ትንንሾቹ ሥዕሎች ተደረደሩ፤ አንዱን ስጫን ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ መዘርጋት ጀመረ፤ ሰማይ፣ የቆርቆሮ አጥራችን ጫፍ፣ ጥቁር ፀጉር፣ ግንባር። ከቅንድቡ በላይ ሲደርስ ስታክ አደረገ። አቦ ከበርጩማው ተነስቶ ጎንበስ አለ።

«ግንባሩ ነው» አለ።

ላጠፋው እጄን ስዘረጋ ያዘኝ። «ተይው» አለኝ። በርጩማውን አስጠግቶ ያንን ግንባር እያየ ተቀመጠ፤ ወደ መጋዘንም አልሄደ፣ ቁርስም አልበላ፤ መብራት ሄዶ ስክሪኑ እስኪጠፋ ድረስ እንደዚያው ነበር።

በልግ ሲገባ ከጎባ አንድ ሰው መጣ። ሰሞኑን የተፈታ ነው፤ በረንዳው ላይ ቆሞ አልገባም አለ። ነስሩ የሚባል ረጅም ልጅ፣ የሮቤ ልጅ ነኝ የሚል፣ አብሮት እንደነበረ፣ እሱ ሲወጣም እዚያው እንደቀረ ነገረን። የታሰሩበት ቦታ ሩቅ ነው።

«ደኅና ነው?» አለች አዮ።

«ይስቃል። ሌሎቹንም ያስቃል።» ከዚያ ወደ አዮ ዞሮ፣ «አዴ፣ ብርድ ነው እዚያ። ሲሚንቶ ላይ ነው የሚተኛው፣ የሚለብሰው የለውም» አለ።

አዮ ወደ ክፍሉ ገባችና ብርድ ልብሱን ከኮምፒውተሩ ላይ ገፈፈችው። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ የሳሙና ሳፋ አወጣች። አጥባ፣ በአጥሩ ላይ አስጥታ፣ ነፋሱ እንዳይወስደው ጫፉን ይዛ እስኪደርቅ ቆመች። ከዚያ ገብስ ቆልታ፣ አስፈጭታ፣ በቅቤ አሽታ ጭኮ ሠራች፤ በሩቅ መንገድ የማይበላሽ ስንቅ እሱ ነው።

በማግስቱ አቦ ለመንገዱ ሲዘጋጅ፣ «እስቲ ለመጨረሻ ሞክሪው» አለኝ። ኮምፒውተሩ ራቁቱን ተቀምጧል። ምልክቷን ተጫንኩ፤ ሜኑው ምንም ሳይንገራገር እስከ ላይ ተከፈተ። ፎቶዎች ውስጥ ገባሁ፤ ግንባሩ መጣ፣ ቅንድቡ መጣ፣ ዓይኑ፣ ጢሙ፣ በኢድ ነጭ ጀለቢያው ላይ የፈሰሰው ሻይ ሳይቀር መጣ። እኔ ነበርኩ ያነሳሁት፤ ካሜራውን አጣምሜ ይዤው ስለነበር እየሳቀብኝ ነው። አቦ «አልሃምዱሊላህ» ብሎ እጁን ፊቱ ላይ አሳለፈ። አዮ እጇ በሊጥ እንደተለወሰ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ከስቷል» አለች፤ የአምናውን ፎቶ የትናንት አድርጋው።

እነሱ ፎቶውን ሲያዩ እጄን ወደ ሳጥኑ ጀርባ ሰደድኩ። አየር ማስወጫው በሱፍ ብናኝና በገለባ ተደፍኖ ነበር፤ ብርድ ልብሱ ተነስቶም ገና ለብ ያለ ነበር። ያኔ ገባኝ። በሽታው ሙቀት ነበር፤ ያፈነው ብርድ ልብሱ ነበር። ስንፈራ ሸፈንነው፣ ስንሸፍነው ቆመ፣ ሲቆም የበለጠ ፈራን። ብናኙን በጣቴ ጠራርጌ ኪሴ ከተትኩትና ምንም ሳልናገር ቀረሁ። አዮ እስከ ዛሬ አታውቅም፤ እንድታውቅም አልፈልግም።

መናኸሪያው አጠገብ ያለው ወጣት በፍላሽ ገልብጬ የወሰድኩለትን ፎቶ አትሞ፣ በፖስታ ከትቶ፣ የአቦን ዓይን ሳያይ ሰጠው። አቦ ብርድ ልብሱን፣ ጭኮውንና ፎቶውን ይዞ በአውቶቡስ ሄደ። እሱ በሌለበት ጊዜ አዮ በየጠዋቱ የነስሩን አልጋ ታነጥፍ ነበር።

አቦ የተመለሰው በዝናብ ነው። ደጃፉ ላይ ስናየው ብርድ ልብሱ በላስቲክ ተጠቅልሎ በብብቱ ነበር፤ አዮ ያጠፈችው እጥፋት አልተነካም። ኮቱን አልተቀበለችውም። ቁጭ ብሎ ጫማውን እየፈታ ነገረን። በሩ ላይ የነበረው ሰው ፎቶውን ተቀብሎ ገባ፤ ቆይቶ መጣና «እንዲህ ያለ ሰው እዚህ የለም፣ ኖሮም አያውቅም» ብሎ መለሰለት። የሚፈቱትን እየጠበቀ አሳየ፤ አንዳንዱ አላየሁትም ብሎ ራሱን ነቀነቀ፣ አንዱ ግን ፎቶውን አይቶ «እግዜር ያጽናህ አባባ» ብሎት በፍጥነት ሄደ። ተከትሎ ሊጠይቀው ሞከረ፣ አልደረሰበትም። ጭኮውን እዚያ ለተሰለፉ እናቶች አካፈለ።

«ብርድ ልብሱንም ለሰው ልሰጠው ነበር» አለ አቦ። «እጄ እምቢ አለኝ።»

አዮ ተቀበለችውና ወደ ነስሩ ክፍል ገባች። ኮምፒውተሩን መልሳ ትሸፍነዋለች ብዬ ከኋላዋ ሄድኩ። አልሸፈነችውም፤ አልጋው ላይ ከነእጥፋቱ አስቀምጣው ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮምፒውተሩ አንድም ቀን ስታክ አላደረገም፤ ፈተናዎቼን ያጠናሁት፣ ዩኒቨርሲቲ እስክገባም የሠራሁት በሱ ነው።

ነስሩ አልመጣም። ሞቷል ያለንም የለም፣ ስለዚህ ለቅሶ አልተቀመጥንም። ያኔ አንድ ፎቶ ለማውጣት አንድ ሙሉ በጋ ፈጅቶብናል፤ ዛሬ ያ ፎቶ በእኔም በአቦም ስልክ ላይ አለ፣ በጣት ሲነካ ወዲያው ይከፈታል፤ ይዘነው የምንሄድበት በር ግን የለም። ቢሮ ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ሲቆም ባልደረቦቼ ይመቱታል፤ እኔ ተነስቼ ጀርባውን እዳስሳለሁ፣ የተደገፈበትን ወረቀት አነሳለሁ፣ ይሠራል። እንዴት አወቅሽ ይሉኛል፤ ልምድ ነው እላለሁ። ሮቤ ስሄድ ደግሞ፣ ብርዱ በሚጠናበት ሰሞን እንኳ፣ አዮ የነስሩን ከነእጥፋቱ ትታ፣ ለኔ ሌላ ብርድ ልብስ ከጎረቤት ትዋሳለች።