ግፋታ እስኪደርስ

ኤርካሎ በሶዶ ገበያ ዳር የስፌት መኪናውን ዘርግቶ የሚውል፣ እሑድ እሑድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ጸሎት የሚመራ ሰው ነበር። ስለ ይቅርታ ሲናገር ሰው ያስለቅሳል። የገዛ ወንድሙን ካነጋገረ ግን ሦስት ዓመት አልፎታል።

ነገሩ የመሬት ነው። አባታቸው ሲሞት ሽማግሌዎች ከሶዶ በታች፣ ተበላ ከምትባለው ከተማ አጠገብ ያለችውን ማሳ ለሁለት ከፈሏት። ታላቅ ወንድሙ ሻንቆ የስድስት ልጆች አባት፣ ገበሬ ነው። "አንተን መርፌህ ያበላሃል፤ ድርሻህን እኔ ልረሰው" ብሎ ቢለምን፣ ኤርካሎ እምቢ ብሎ ለባዕድ አከራየው። ከዚያ ወዲህ ልብስ ሲለካ ቁጥር ይጠፋበታል፤ የሰፋውን መልሶ ይተረትራል።

መድኃኒቱን ያውቀዋል። "ግፋታ ይድረስ" ይላል። በመስከረም የዘመን መለወጫው በዓል ሲመጣ፣ የተጣላ ሳይታረቅ ሥጋ አይቀምስም፤ ሽማግሌ መሀል ይገባና ነገር በአንድ ቀን ያልቃል። ብቻውን ሄዶ ከመዋረድ በወጉ መታረቅ ይሻላል። ግፋታ ሲደርስ ግን የበዓል ልብስ ይጎርፋል፤ እግሩ ከፔዳሉ አይነሣም፤ ሽማግሌ ሳይልክ ቀኑ ያልፍና ሥጋውን ከሶዶ ጎረቤቶቹ ጋር ይበላል። ሦስት ግፋታ እንዲሁ አለፈ።

በ1996 ዓ.ም. ሚያዝያ ውስጥ፣ አንድ ማለዳ እህል ነጋዴዋ ሳህሊቱ የልጇን ዩኒፎርም ልታሳጥር መጣች።

"ወንድምህን ተሰናበትከው?"

"የት ሊሄድ?"

"አንተ ሰውዬ፣ አገር ያወቀውን! ለመንግሥት ሰፈራ ተመዝግቧል እኮ። መኪናው ዛሬ ከሰዓት ይነሣል። ትናንት ተበላ ወርጄ ዶሮዎቹን የገዛሁት እኔ ነኝ።"

ፔዳሉ ቆመ። "ለግፋታ ልታረቀው ነበር" አለ ኤርካሎ።

ሳህሊቱ ከት ብላ ሳቀች። "እናንተ ጴንጤዎች! ጌታ ዛሬ ሊመጣ ይችላል እያላችሁ ጠዋት ማታ ትሰብኩናላችሁ። እሱንም እስከ ግፋታ ቆይ በሉት እንጂ!"

ዩኒፎርሙን እጇ ላይ ትቶላት ወጣ።

መናኸሪያው ውስጥ ወደ ተበላ የሚሄደው ሚኒባስ አልሞላም። ገባ፤ ወረደ፤ እንደገና ገባ። "ጌታ ሆይ፣ አስታርቀን" ብሎ መጸለይ ጀመረና ዐፈረ። ሦስት ዓመት ሙሉ የጸለየው ይህንኑ ነው፤ የጎደለው ጸሎት ሳይሆን እግር ነበር። ዘሎ ወርዶ በእግሩ መንገድ ጀመረ። ቁልቁለቱን ሲያጋምስ ያው ሚኒባስ ደረሰበት።

"ጋሼ፣ ቀድመኸን ልትገባ ነው?" አለው ሾፌሩ ቆሞ እያሳፈረው።

ተበላ ሲደርስ የጭነት መኪናው ሜዳው ላይ ቆሟል፤ ሰው ይሰናበታል፣ ሕፃን ያለቅሳል። ሻንቆ ከላይ ቆሞ አልጋውን በገመድ ያስራል።

"ጋሼ ሻንቆ፣ ውረድ!"

ሻንቆ ገመዱን ሳይለቅ አየው። "ልትሰናበተኝ ነው ወይስ የኔንም ቁራሽ ልታከራየው?"

ሰው ሳቀ። ኤርካሎ በመንገድ ያሰናዳው ንግግር ሁሉ በነነ። "በድዬሃለሁ። ተከራዩ የዘንድሮውን ሰብል ሲያነሣ ድርሻዬ ያንተ ነው። አትሂድ።"

"ሽማግሌህ የታለ?"

"የለም። ብቻዬን ነኝ።"

የሻንቆ ሚስት አስካለች ሕፃኑን በጀርባዋ አዝላ ቀረበች። "እኛ ብቻ ብንሰማው ምን ያደርጋል? የወረዳው ሰው ያው ስም እየጠራ ነው፤ በሱ ፊት ይናገር።"

ኤርካሎ ሄዶ ተናገረ። ሰው ሁሉ እንዲሰማም ጮኾ ደገመው። ሰው ያስለቅስ የነበረው አንደበቱ ተንተባተበ።

የወረዳው ሰው ወረቀቱን ተመለከተ። "ሻንቆ!" ብሎ ጠራ። "ሻንቆ! ትሄዳለህ፣ አትሄድም?"

ሻንቆ ልጆቹን አየ፤ ወንድሙን አየ። ኤርካሎ መሬቱን የሰጠው ጊዜው ካለፈ በኋላ መሆን አለመሆኑን የሚያውቀው ሻንቆ ብቻ ነው።

ከዚያ ሻንቆ የገመዱን ቋጠሮ በጥርሱ ይፈታ ጀመር።

"ምን ቆመህ ታየኛለህ? ያን ጫፍ ያዝ!"

አልጋውን ሁለቱ ተሸክመው መንገዱን ያዙ። "የቤቱን በር ሸጬዋለሁ እኮ" አለ ሻንቆ ከኋላ፣ ገና እንደተቆጣ።

"ተመስገን፤ ማንኳኳት ቀረልኝ" አለ ኤርካሎ።

አስካለች ሳቋ አመለጣት። ሻንቆ ግን ቤቱ ደጃፍ እስኪደርሱ ድረስ አልሳቀም።