በደቡብ በኩል ያለው አዋሳኝ

የባለቤቴ አጎት የደብራችን ቄሰ ገበዝ ነበሩ። የጥንት የርስት ውል በኅዳጉ የተጻፈበትን ወንጌል የሚጠብቁት እሳቸው ነበሩ። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ዱባይ፣ በሠራተኝነት እስካለሁበት ማዳም ቤት ድረስ እየደወሉ የመሬታችንን አዋሳኝ ያስጠኑኝ ነበር።

«አባ፣ ወንጌሉ ላይ አለ አይደል?»

«ብል ቢበላውስ? ባሏ የሞተባት ሴት ድንበሯን በቃሏ ትወቅ። በይ፣ በምሥራቅ?»

በኮሮና በር ተዘግቶብን ሳለ ማረፋቸውን ሰማሁ። አሁን ልብስ ስተኩስ እደግማለሁ፤ በምሥራቅ ወንዙ፣ በምዕራብ ሾላው፣ በሰሜን የቤተ ክርስቲያኑ አጥር። ደቡቡ ይጠፋኛል። እዚያ ስደርስ ሁልጊዜ የሚጨርሱልኝ እሳቸው ነበሩ።

የባለቤቴ እህት «ወንጌሉን አስነብቤ ልንገርሽ» አለችኝ። እሺ ማለት አቃተኝ፤ ለምን እንደሆነ እኔም አልገባኝም። ስልኩ ሲጮህ ግን አሁንም «በይ፣ በደቡብ?» የሚሉኝ ይመስለኛል።