የሐጂ ጉድጓድና የባለቤቴ ድፍድፍ

ባለቤቴ ቃል ስትሰጥ ጣጣው የሚተርፈው ለእኔ ነው። በጦርነቱ ጊዜ መርሳ ላይ የሰጠችው ቃልማ ጭራሽ ጉድ ሊያፈላብን ነበር።

እኔ የወልድያ መስመር የሚኒባስ ሹፌር ነኝ። ያኔ መንገዱ ተዘግቶ፣ ነዳጅ ጠፍቶ፣ መኪናዬ ግቢ ውስጥ ቆማ ዶሮ ታሳድር ነበር። ቤቱን የያዘችው እሷ ናት። አረቄ ታወጣለች፤ አረቄውን የፈለገ በሽሮም በማሽላም ይለውጣታል፤ ልጆቻችን ያንን ይበላሉ። እኔም ያንኑ እየበላሁ እተቻለሁ።

መብራት ሲጠፋ የቧንቧው ውሃም አብሮ ጠፋ። ወንዙ ዳር ታጣቂ ስለሰፈረ ወንድም ሴትም ወደዚያ ድርሽ አይልም። የቀረን የጎረቤታችን ጉድጓድ ብቻ ነው። ጎረቤታችን ደግሞ ሐጂ ናቸው፤ መካ ደርሰው የመጡ፣ ጥርሳቸው የማይከደን ተጫዋች ሽማግሌ። የአጥሩን በር ከፍተው "ግቡ፣ ቅዱ" አሉን።

ዝም ብላ ብትቀዳ ምን ነበረበት? እሷ እቴ! ፊታቸው ቆማ "ሐጂ፣ በእመብርሃን፣ ከርስዎ ውሃ ድፍድፌ ውስጥ ጠብታ አይገባም" አለቻቸው። ማን ጠይቋት ነው? እሳቸውም "አላህ ይስጥሽ፣ ልጄ" ብለው ሄዱ።

አረቄ ደግሞ ውሃ ይወዳል። እህሉ የሚደፈደፈው በውሃ ነው። ሲወጣም እንፋሎቱ የሚገባበት ዕቃ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይቀመጣል፤ ውሃው በሞቀ ቁጥር ይቀየራል። ለማቀዝቀዣው ሐጂን አስፈቀደች፤ "አረቄውን ካልነካው እኔን ምን ቸገረኝ" አሏት። ያንንም ቢሆን አትደፋውም። ጥላ ሥር አቀዝቅዛ ትመልሰዋለች፤ ሲበቃው ልብስ ታጥብበታለች፤ ከዚያ እኔን እግርህን ታጠብ ትለኛለች።

"ይሄ ውሃ ጡረታ የሚወጣው መቼ ነው?" ብላት፣

"አንተ ቀድመኸዋል" አለችኝ።

ለድፍድፉ ሌላ ዘዴ አመጣች። አረቄው ወጥቶ የሚቀረውን አተላ አስቀምጣ፣ ከላይ የቀረረውን ውሃ ቀድታ አዲሱን እህል በእሱ ደፈደፈች። የመጀመሪያው ሰመረ። ቀጣዩም አልከፋም፤ እንዲያውም ጠጪዎቹ "በረታ" አሉ፤ እኔም ሳልወድ አደነቅኩ። ከዚያ በኋላ ግን የቀረችንን የመጨረሻ ማሽላ ደፍድፋ፣ ከድና ብትጠብቅ ብትጠብቅ አልፈላ አለ። ጆሮዬን ጋኑ ላይ ለጥፌ አዳመጥኩ፤ ጸጥ። ብቀምሰው ፊቴ ተጨማደደ። ያ ውሃ ሲመላለስ ሲመላለስ ሆምጣጣ ሆኗል።

"ንጹሕ ውሃ ጨምሪበት፣ ይነሳል" አልኳት።

"ከየት አምጥቼ?"

በአገጬ ጉድጓዱን አሳየኋት። "ሐጂ እንደሆኑ አያዩሽ።"

"እኔስ ራሴን አላይም?"

ተናደድኩ። የልጆቻችን ጉሮሮ እዚያ ጋን ውስጥ ኮምጥጦ ተኝቷል፤ እሷ ቃል ትጠብቃለች። ግን ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው ብዬ ተውኳት። በማግስቱ ጠዋት ድፍድፉን በባልዲ ቀድታ ልትደፋ ወጣች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

እኔም ተከተልኳት። ሐጂ አጥሩ ጋ አገኟት። "ምነው ልጄ፣ በዚህ ዘመን እህል ይደፋል?"

እውነቱን ነገረቻቸው። ሽማግሌው ሳቃቸው መጣ። "እኔ እኮ ለድፍድፍሽ ስትቀጂ እንዳላይሽ ብዬ ነው ይኼን ሁሉ ጊዜ በጓሮ ዞሬ መስጊድ የምሄደው። ጉልበቴን በከንቱ ጨረስሽው!"

እኔ በሳቅ ፈረስኩ። እሷ ግን አልሳቀችም። "ቃል ነው፣ ሐጂ" አለች።

"ቅጂ" እንዳይሏት ሃይማኖታቸው አይፈቅድም። "ድፊው" እንዳይሉም አንጀታቸው እምቢ አለ። "ቆይ፣ አትድፊ" ብለው ገቡ። ብዙም ሳይቆዩ አህያቸውን እየነዱ ብቅ አሉ፤ ጀርባዋ ላይ ባዶ ጀሪካኖች ታስረዋል።

"ወዴት ነው፣ ሐጂ?" አልኳቸው።

"አህያዋ ጠምቷታል። ወንዝ ላጠጣት ነው።"

ይህን የሚሉኝ ጉድጓዳቸው አፍ ላይ ቆመው ነው። ታጣቂውን አስታውሼ እንዳይሄዱ ለመንኳቸው፤ "ሽማግሌና አህያ ምን ያደርግላቸዋል?" ብለው ጥለውኝ ሄዱ። ከዚያ በኋላ ቀልዴ ሁሉ ጠፋ። ፈራሁ። በእኛ አረቄ የተነሳ አንድ ነገር ቢሆኑ ምን ይውጠኛል? ባለቤቴ ባልዲውን እንደያዘች በር ላይ ቆማ ቀረች፤ እኔም አጠገቧ ቆምኩ።

ፀሐይዋ ስትበረታ መጀመሪያ አህያዋ ታየች፤ ከኋላዋ እሳቸው። ጀሪካኖቹ ይንጠባጠባሉ። በራችን ላይ አቆሟትና ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። መቁጠሪያቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

"ይቺ አህያ ምን ተሸክማ እንደመጣች እኔ አላውቅም" አሉ። "አራግፉላት፣ ከብዷታል።"