በበርበሬ ወራት ያጠረኝ ትንፋሽ

ቡታጅራ ተመድቤ ስመጣ አስም እንዳለብኝ ለማንም አልተናገርኩም። ደብቄው አልነበረም፤ እኔም ረስቼው ነበር። ልጅ ሳለሁ ደብረ ማርቆስ ክረምት በገባ ቁጥር ደረቴ ያፏጭ ነበር፤ እናቴም አብራኝ ታድራለች እንጂ አትተኛም። ከፍ እያልኩ ስሄድ ግን ቀስ በቀስ ተወኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ እስክወጣ አንድም ቀን አልነካኝም። የጂኦግራፊ መምህርት ሆኜ ወደዚህ ስመጣ ሻንጣዬ ውስጥ ጃንጥላ እንኳ ነበር፤ የትንፋሽ መድኃኒት ግን አልነበረም።

የተከራየሁት ክፍል የአንድ በርበሬ ነጋዴ ግቢ ውስጥ ነው። ባለቤቱን ሰፈሩ ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል። ሚስታቸውን ደግሞ እኔ እማማ እላቸው ነበር። እማማ ቁጥብ ሴት ናቸው። ጠዋት በር ላይ ስንገናኝ ‹‹ደህና አደርሽ መምህርት›› ይሉኛል፤ እኔም ‹‹ደህና አደሩ እማማ›› እላለሁ፤ ከዚያ ያለፈ ወሬ አልነበረንም። አማርኛን ያወቁት ለአካለ መጠን ከደረሱ በኋላ ነው። ቃል ሲጠፋባቸው አይጨነቁም፤ በጉራጊኛ ይሞሉትና ይቀጥላሉ።

ኅዳር ሲገባ ከማረቆ በኩል ደረቅ በርበሬ በአይሱዙ እየተጫነ መምጣት ጀመረ። ግቢው ውስጥ ሸራ ተነጠፈ። አፍና አፍንጫቸውን በሻሽ የሸፈኑ ሴቶች ክብ ሠርተው ተቀምጠው ቀዩን ከነጣው፣ ደህናውን ከሻገተው ይለቅማሉ። እኔ የከሰዓት ፈረቃ ስለማስተምር ጠዋት ጠዋት ቤት ነበርኩ። በመስኮቴ ጨዋታቸውን እሰማለሁ፤ ደስ ይለኛል። ማስነጠስና ማሳል ጀመርኩ። ጉንፋን ነው ብዬ ናቅሁት፤ የግቢው ሰው ሁሉ ያስነጥስ የለ?

ያን ቀን ጠዋት ቧንቧው አጠገብ ልብስ እያጠብኩ ነበር። ከመኪናው ላይ ከሚወርዱት ጆንያዎች አንዱ ከሰውየው ትከሻ አመለጠና መሬት ላይ ሲያርፍ ተተረተረ። ቀይ ብናኝ ቦለል ብሎ ወጣ፤ ነፋሱ ወደ እኔ አመጣው። ሁሉም ሳለ፣ ሁሉም ሳቀ። እኔም እየሳቅሁ ሳልኩ። እነሱ ሲያቆሙ እኔ አላቆምኩም።

አስም ሲባል ሰው አየሩ አልገባ ማለቱ ይመስለዋል። ያስጨነቀኝ ግን የገባው አልወጣ ማለቱ ነው። ደረቴ ሞልቶ ተወጥሮ ሳለ ሌላ ትንፋሽ እላዩ ላይ ለመጨመር እታገላለሁ። ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ ወጣ። ከውስጤ ያ የልጅነቴ ፉጨት ሲመጣ ሰማሁት፤ ያኔ ምን እንደሆነ አወቅሁ። ‹‹አስም ነው›› ልል አፌን ከፈትኩ፤ ‹‹አ›› ብቻ ወጣ።

ሴቶቹ ሸራውን ትተው ከበቡኝ። አንዷ ውኃ ፊቴ ላይ ረጨች። ሌላዋ ክብሪት ጫሩላት አለች። አንዷ ደግሞ ጀርባዬን በመዳፏ ትመታለች። ሁሉም ሊረዱኝ ነው፤ ግን የቀረችኝን ትንሽ አየር እየወሰዱብኝ እንደሆነ ተሰማኝ። የሰው ክበብ ሲጠብብኝ ፍርሃቴ ከሕመሙ በለጠ።

‹‹ዞር በሉ›› የሚል ድምፅ ሰማሁ። እማማ ናቸው። ጮክ አላሉም፤ ሰዉ ግን ተበተነ። ብብቴን ይዘው ከብናኙ አርቀው ወደ ጓሮ ወሰዱኝና ዱካ ላይ አስቀመጡኝ። ባልዲ ገልብጠው ፊት ለፊቴ አስቀመጡና ክንዶቼን አስደገፉኝ። ራሳቸው እንደ ልጅ ፊቴ ተንበረከኩ።

‹‹አታውሪ፤ ራስሽን በመነቅነቅ ብቻ መልሺልኝ። በፊትም ያምሽ ነበር?››

ራሴን ነቀነቅሁ።

‹‹መድኃኒት አለሽ?››

ራሴን ወደ ግራና ቀኝ አወዛወዝኩ።

‹‹እሺ። ችግር የለም። ሐጂ ባጃጅ እያመጡ ነው። ሻማ እንደምታጠፊ አድርገሽ ቀስ ብለሽ አውጪው። አትሳቢ፣ አውጪው። መግባቱን እሱ ራሱ ያውቅበታል።››

እሳቸው ከንፈራቸውን አሹለው አብረውኝ ተነፈሱ። ዓይኔን ከዓይናቸው አልነቀልኩም። ያ ሁሉ ወር ደህና አደርሽ ብቻ የተባባልናት ሴት ከመላው ዓለም የቀረችኝ አንድ ሰው ሆነች።

ባጃጁ በር ላይ ሲቆም እማማ ሊደግፉኝ ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉኝና ወዲያው ለቀቁኝ። የለበሱት ሻርፕ በርበሬ በርበሬ ይሸታል። ከላያቸው ገፈው ለአንዷ ሴት ወረወሩላትና በቀሚስና በሻሽ ብቻ ገቡ። ሁልጊዜ ተሸፋፍነው የሚወጡ ሴት መሆናቸውን አውቃለሁና፣ ትንፋሽ ባጠረኝ በዚያ ሰዓት እንኳ ይህን አየሁ። መንገዱን ሁሉ እጄን ይዘው በጆሮዬ በዝግታ ቁርኣን ቀሩልኝ። ቃሉን አልተረዳሁም፤ ግን አካሄዱ ረጋ ያለ ነበርና በእሱ ልክ ለመተንፈስ ሞከርኩ።

ሆስፒታል ኦክስጅን ሰጡኝ፤ ከዚያም ጭጋግ የሚያወጣ ጭንብል አፌ ላይ አደረጉልኝ። መድኃኒቱ ደረቴን ሲከፍተው የተሰማኝን ነገር እስካሁን በትክክል መናገር አልችልም። አየሩ ይወጣል። አለቀስኩ። ወጣቱ ሐኪም አስም ለዓመታት ጠፍቶ ሊመለስ እንደሚችል ነገረኝ። ‹‹ተኝቶ ነበር እንጂ አልሄደም›› አለኝ። ነርሷ ደግሞ ሰው ሁሉ ፓፍ የሚለውን የሚነፋ መድኃኒት አወሳሰድ አሳየችኝ። የፕላስቲክ ውኃ ጠርሙስ ቂጡን በስታ ፓፉን ሰካችበትና በጠርሙሱ አፍ በኩል እንድስብ አደረገችኝ። እማማ አጠገቤ ቆመው በጥሞና ያዩ ነበር። በኋላ ቤት ከእኔ ይልቅ በደንብ ያስታወሱት እሳቸው ናቸው።

እናቴ የደወለችው ያን ዕለት ከሰዓት፣ ገና አልጋው ላይ ሳለሁ ነው። ስልኩን ሳላነሳው ቀረሁ። አንድ ቃል ብተነፍስ ትሰማዋለች። ደግማ ስትደውል እማማ ከእጄ ወሰዱት።

‹‹አሎ። ደህና ነሽ ወይ የመምህርት እናት? እኔ ባለቤትዋ ነኝ›› አሉ። የቤቱ ባለቤት ማለታቸው ነበር። ‹‹አዎ፣ አሟታል። አልደብቅሽም፤ ትንፋሽ ነው። አሁን ተሽሏታል፣ አልሐምዱሊላህ። አይ፣ አትነሺ። መንገዱ ሩቅ ነው፤ እስክትደርሺ እሷ ትድናለች። እኔ እያለሁ ብቻዋን አትሆንም።››

ከወዲያ በኩል የእናቴ ድምፅ ሲሰበር ይሰማኛል። እማማ አዳመጡና፣ ‹‹እሺ፣ እሺ፣ እነግራታለሁ›› አሉ። ስልኩን ሲዘጉ፣ ‹‹ጠበል ትልክልሻለች፤ ኪኒኑንም እንዳትተዪ ብላለች›› አሉኝ።

ወደ ማታ ገደማ ወደ ቤት ተመለስን፤ ወደ ክፍሌ ግን አላስገቡኝም። ክፍሌ በርበሬ ከሚለቀምበት ሸራ አጠገብ ነው። ከዋናው ቤት በስተኋላ ያለውን የእንግዳ ክፍል ሴት ልጃቸው በእርጥብ ጨርቅ ወልውላ ጠበቀችኝ፤ አቧራ እንዳይነሣ መጥረጊያ እንዳትነካ ታዝዛ ነበር። ጋደም ማለት ስለማልችል ትራስ በትራስ ላይ ደራርበው ቁጭ ብዬ እንድተኛ አደረጉኝ።

መድኃኒቱ ቢያድነኝም ቀስ በቀስ ነው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሽንት ቤት ደርሶ መመለስ ሥራ ሆነብኝ። ዓረፍተ ነገር ጀምሬ መሐል ላይ አርፋለሁ። ከድካሙ ይልቅ የከበደኝ ፍርሃቱ ነው። ደረቴ ትንሽ ጠበብ ሲል ‹መጣ› እላለሁ፤ ፓፉን ከመዳፌ አልለይም፤ ሳሸልብ ወድቆ ሲንኳኳ ደንግጬ እነቃለሁ።

እማማ የቡላ ገንፎ ይዘው መጡ። ከበሩ ላይ ቆም ብለው፣ ‹‹ቅቤ ላድርግበት ወይስ ጾም ላይ ናችሁ?›› አሉኝ። የነቢያት ጾም ገብቶ ነበር። እኔ እንኳ በዚያ ሁኔታዬ አላሰብኩትም። ‹‹ጾም ነው፣ ግን ታምሜያለሁና...›› አልኩ። ‹‹በዘይት እሠራዋለሁ፤ በኋላ በልቤ ቅር አለኝ እንዳትዪ›› ብለው ይዘውት ተመለሱ። በኑግ ዘይት የተሠራው ገንፎ ሲመጣ ትኩስ ነበር። እየበላሁ ሳለ እንዴት አድርገው እንዳስቀመጡኝ፣ ማን እንዳስተማራቸው ጠየቅኋቸው።

‹‹ታላቅ እህቴ›› አሉ። ‹‹ገጠር ነው ያደግነው። ሳል ነው ይሏታል፤ ስሙን ማን ያውቀዋል። ቤቱ ጭስ ሲሆንባት ወጥታ እንሰቱ ሥር ትቀመጣለች። እንዲህ ጎንበስ ብላ። እኔ ፊት ለፊቷ ቁጭ እላለሁ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ? እሷ ስትተነፍስ እኔም እተነፍሳለሁ።››

‹‹አሁንስ?››

‹‹የለችም።›› አሉ ማንኪያውን እየተቀበሉኝ። ‹‹በዚህ አይደለም። በወሊድ ነው። በዚህ በዚህማ ስንቱን ቀን ተሻገርነው።›› ሳህኑን አነሱና ወጡ።

በማግስቱ በመስኮቱ በኩል የሴቶች ድምፅ ሰማሁ። በርበሬ ለቃሚዎቹ ናቸው። ‹‹ግቡ እንጂ›› አልኳቸው። አልገቡም። ከመስኮቱ ራቅ ብለው፣ ከነፋሱ በታች ቆመው ነበር። ‹‹ልብሳችን ነው መምህርት፣ ብናኙ አይለቅም›› አለች አንዷ። ያቺ ክብሪት ጫሩላት ያለችው ናት መሰለኝ፤ ከሁሉም ኋላ አንገቷን ደፍታ ቆማለች። ሙዝና ብርቱካን በፌስታል መስኮቱ ደፍ ላይ አድርገው እንደገና ራቅ አሉ። እንደዚያ ሆነን፣ እኔ ትራስ ተደግፌ እነሱ ፀሐይ ላይ ቆመው፣ ተጨዋወትን። እንዲሄዱ ስላልፈለግሁ ብዙ አቆየኋቸው።

ከእነሱ ነው የሰማሁት። ሐጂ በርበሬውን በሙሉ አስነስተው ከከተማው ዳር ወደሚገኘው የወንድማቸው መጋዘን አዛውረዋል። ሸራውም ሚዛኑም እዚያ ነው። ለሴቶቹ መንገዱ ረዝሞባቸዋል፤ ቤት ለምሳ ደርሰው መመለስ ቀርቷል። ይህን ሲነግሩኝ አላማረሩም፤ ዝም ብለው የሆነውን ነው ያወሩኝ። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ብርቱካኑ አልወርድ አለኝ።

ሐጂ በር ላይ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሊጠይቁኝ ሲገቡ ጉዳዩን አነሳሁላቸው። ‹‹ሐጂ፣ በእኔ ምክንያት ሥራዎ ተጉላላ።››

‹‹ሥራው እዚያም ሥራ ነው›› አሉ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው። ‹‹በርበሬ ነው፤ የትም ይለቀማል።››

‹‹ሴቶቹስ?››

‹‹እሱን አስቤበታለሁ። ወሩን ይታገሡኝ ብያለሁ።››

እኔም ሳስብበት ሰነበትኩ። ሐጂ ቢያዛውሩም ከግራ ከቀኝ ያሉት ጎረቤቶችም በርበሬ ነጋዴዎች ናቸው፤ ነፋሱ አጥር አያውቅም። የቀይ ብናኙ ሽታ በከሰዓት በኋላ በስሱ ይመጣና ደረቴን ያሳክከኛል። ትምህርት ቤት ተመልሼ ሁለት ክፍል በወንበር ተቀምጬ አስተምሬ ስገባ ቆረጥኩ። ለእማማ ሌላ ቤት ልፈልግ ነው አልኳቸው።

ፊታቸው ተለወጠ። ‹‹ምን አጎደልንብሽ?›› ብለው ብቻ ጠየቁኝ። ምንም እንዳልጎደለብኝ ለማስረዳት ብሞክርም አልሰሙኝም። ያን ቀን ቡላውን ሴት ልጃቸው ናት ያመጣችልኝ። በማግስቱም እንደዚያው። መታመሜ ካስከፋኝ ይልቅ ይህ አስከፋኝ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ተሸፋፍነው መጡና፣ ‹‹ነዪ፣ ቤት አግኝቼልሻለሁ›› አሉኝ። በእግር፣ እኔ እስካርፍ እየቆሙ፣ ወደ ትምህርት ቤቱ በኩል ወሰዱኝ። የቤቱ ባለቤት የታወቀች ልብስ ሰፊ ናት። እማማ ከእኔ በፊት ገብተው ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰሱ፤ እርጥበት ፈልገው ነው። ማድ ቤቱ የት እንደሆነ፣ ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ ጠየቁ። ድመት ታረባላችሁ ወይ አሉ። ልብስ ሰፊዋ ተገርማ ታየኛለች። በመጨረሻ መስኮቱን ከፈቱና አፍንጫቸውን አውጥተው ቆዩ። ‹‹ደህና ነው›› አሉ። ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ ‹‹ተቀይሜሽ ነበር። ማታ ሳስበው ግን እህቴም እንሰቱ ሥር የምትቀመጠው አየሩ እዚያ ስለነበር ነው›› አሉኝ።

ዕቃዬን ሐጂ በሰው አሸክመው ላኩልኝ። ሴቶቹ ወደ ሐጂ ግቢ ተመለሱ፤ ምሳቸውንም ቤታቸው መብላት ጀመሩ። እኔ አሁን የሁልጊዜ መድኃኒቴን ጠዋትና ማታ እስባለሁ፤ ፓፉ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ሌላው ደግሞ የመምህራን ክፍል መሳቢያ ውስጥ። ያ ፍርሃት ጨርሶ አልሄደም፤ ግን እንደ በፊቱ ጉልበት የለውም።

ባለፈው እሑድ እማማ መጡ። ገላቸውን ታጥበው፣ ከቁም ሳጥን የወጣ ልብስ ለብሰው ነው። ከመቀመጣቸው በፊት ‹‹ዙሪልኝ እስቲ›› አሉኝና ጆሯቸውን ጀርባዬ ላይ አስደገፉ። ‹‹ተንፍሺ። እንደገና።›› እኔ ተነፈስኩ፤ እሳቸው አዳመጡ። ‹‹አልሐምዱሊላህ›› ብለው ቀና አሉና ወንበር ሳቡ፤ ከዚያ እዚህ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ነው ወይስ ሁሌም ይመጣል ብለው ጠየቁኝ።