«ደረሰሽን እንጠብቃለን»

የስልክ መልእክት ጢው ብሎ ሲገባ ዛሬም የያዝኩትን አስቀምጣለሁ፤ ያን ድምፅ መጀመሪያ የሰማሁት ላሊበላ እቤታችን፣ ከአክስቴ ልጅ ከዘነቡ ስልክ ነው።

ዘነቡ ሆቴል ውስጥ አልጋ ታነጥፍ ነበር፤ ክረምት ገብቶ እንግዳው ሲጠፋ ግን ሥራ ፈትታ ከእኛ ጋር ትውል ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ታላቅ እህቴ ትርንጎ የእንግሊዝኛ ደብተሯን ዘርግታ፣ መምህሯ በቀይ ያሰመሩባትን እያረመች ትቀመጥ ነበር። ስህተቷ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበር፤ ስም በሚገባበት ቦታ ግስ ትጽፋለች፣ «አድቫይስ» ማለት ሲገባት «አድቫይዝ»፣ «ቢሊፍ» ማለት ሲገባት «ቢሊቭ» ትላለች። «የአገራችን ልጅ ሁሉ እዚህች ላይ ይወድቃል» ይሏት ነበር መምህሯ።

መስከረም ጠብቶ ገብሱ ሲያሸት ለዘነቡ በእንግሊዝኛ መልእክት ይመጣላት ጀመር። ሰውየው እንግሊዛዊ ነኝ፣ ዐረብ አገር ትልቅ ሆቴል አስተዳድራለሁ፣ ሥራ አዘጋጅቼልሻለሁ ይላት ነበር። ለገና ምእመኑ ጎርፎ ከተማው ሲጨናነቅ፣ ፓስፖርቷን አውጥታ ጨርሳ፣ የመጨረሻውን መልእክት ለትርንጎ አሳየቻት። ትርንጎ አነበበችው፤ ደግማ አነበበችና ፊቷ ዐመድ መሰለ።

«ዘነብዬ፣ ይሄ ሰው እንግሊዝ አይደለም» አለቻት። «‹መድረስሽን› ሲል ‹አራይቫል› ማለት ነበረበት፤ እሱ ግን ‹አራይቭ› ነው ያለው። በኛ ቋንቋ ‹ደረሰሽን እንጠብቃለን› እንደማለት ነው።»

ዘነቡ ሳቀች። «ፈረንጅስ አይሳሳትም?»

«ይሳሳታል፤ እንደኔ ግን አይሳሳትም። ይሄ የኛው አገር ሰው ነው።»

«ተይ ልጄ፣ መንገደኛ ላይ አታሟርቺ» ብላ እማዬ ዝም አሰኘቻት።

ጥምቀት ሲያልፍ ዘነቡ ሄደች። ትርንጎ እስከ መናኸሪያው ድረስ ሻንጣዋን ይዛ እየጎተተች እንዳትሄድ ለመነቻት፤ ዘነቡ ግን ጉንጯን ስማት፣ ወልድያ የሚሄደው አውቶቡስ ላይ ወጣች።

በዐቢይ ጾም አንድ ቀን ደወለች። «ፈረንጁን ገና አላየሁትም» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «የተቀበለን አንድ ያገራችን ሰው ነው። ፓስፖርታችንን ሰብስቦ ወሰደው። ትርንጎን አቅርቡልኝ...» ትርንጎ ስልኩን ሳትቀበል መስመሩ ተቋረጠ። እናቷ፣ አክስቴ፣ ከምትኖርበት ከኩልመስክ እየተመላለሰች፣ ትርንጎን «እስቲ ሞክሪልኝ» እያለች ታስደውላት ነበር። ክረምቱ ዞሮ ገባ፤ ሌላም ክረምት ገባ፤ ዘነቡ ግን የገባችበት ሳይታወቅ ቀረ።

አሁን እኔ እዚያው ላሊበላ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ደብተራቸው ላይ ያንኑ ስህተት ይሳሳታሉ፤ ስልካቸው ላይ ሲጽፉ ግን ስልኩ ራሱ ያርምላቸዋል። ያኔ ትርንጎን ያስደነገጣት አንዲት የተሳሳተች ቃል ነበረች። ዛሬ ልጃገረዶቹ እየሮጡ አምጥተው የሚያሳዩኝ የውጭ አገር ሥራ መልእክት ሁሉ እንከን የለውም፤ አንብቤ፣ ደግሜ አንብቤ፣ «አትሂጂ» የምልበት ነገር አጣለሁ።