ወንድ የማይገባበት ጓሮ

ልጅ ሳለሁ፣ ከታቦር ተራራ ግርጌ በነበረችው የአያቴ ቤት፣ ተረት የሚጀመረው ፍሙ አመድ ሲለብስና ኩራዙ ሲበራ ነበር። አያቴ ቀን ተረት ማውራት አትወድም፤ «በጠራራ ፀሐይ ተረት የሚያወራ ሥራ የፈታ ነው» ትላለች። ማታ ግን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በዚያ እሳት ዳር ይሰበሰባል፤ ከእኛ በፊት ያደጉትም እዚያው ተቀምጠው ሰምተዋል። ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለው፣ የተቀቀለ የእንሰት ሥር እየገመጥን፣ ስለ ጥንት አዳኞችና ስለ ሐይቁ ጉማሬዎች ስታወራ፣ ያኔ ጫካው ከበራችን የሚጀምር ይመስለኝ ነበር። እኔ ፈሪ ነበርኩ፤ ፈሪነቴን የምሸፍነው በለፍላፊነቴ ነው።

ዘመኑ ደርግ ወጣቱን ለብሔራዊ ውትድርና እያፈሰ ወደ ሰሜን የሚልክበት ነበር። ወንድሜ ዮናስ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶት ስለነበር ሁለት ሳምንት ሙሉ ከዘመድ ቤት ዘመድ ቤት እየዞረ አደረ። በመጨረሻ የሚያስጠጋው ሲያጣ አንድ ማለዳ አያቴ ጋ መጣ። ያን ቀን ጓሯችን እንሰት የሚፋቅበት ቀን ነበር፤ ጎረቤታችን እትዬ ዱካሌ ልታግዘን መጥታለች፤ በሳምንቱ ደግሞ አያቴ እሷን ልታግዝ ተራ ገብተዋል።

በሲዳማ ሴቶች እንሰት በሚፍቁበት ቦታ ወንድ አይገባም። መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ሳንቃው ላይ የተጋደመውን የእንሰት ልጥ በአንድ እግራቸው ረግጠው በቀርከሃ ሲፍቁ ቀሚሳቸው ይገለጣል፤ ስለዚህ ወንድ የመፋቂያውን ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ መንገድ ይቀይራል። አያቴ ዕድሜዋን ሙሉ ያከበረችውን ይህን ልማድ ያን ቀን ራሷ ጣሰችው። የተፋቀው እንሰት እንዲብላላ በሚቀበርበት ጉድጓድ ውስጥ ዮናስን አስቀመጠችው፣ በኮባ ቅጠል ሸፈነችው፣ እትዬ ዱካሌም ሳንቃዋን ጎትታ የጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጠች።

ከቀትር በኋላ፣ ፀሐይዋ ገና እንደከረረች፣ ሁለት የቀበሌ አብዮት ጥበቃዎች መጡ። አንደኛው የሰፈራችን ልጅ ነው። ሌላው ከሩቅ አገር የመጣ፣ ጠመንጃውን ከትከሻው የማያወርድ ሰው ነበር።

«እንደምን ዋሉ እማማ» አለ የሰፈራችን ልጅ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ። «ዮናስን ፈልገን ነበር።»

«ከሄደ ሰነበተ» አለች አያቴ፣ እጇ ሳያርፍ።

«ገብተን እንየው እንጂ» አለ ባለጠመንጃው።

«ሴቶች እየፋቁ ነው። ወንድ አይገባም።»

«የምን አይገባም ነው?» ብሎ የአጥሩን መዝጊያ እንጨት ያዘ።

ዓይኔን ከጉድጓዱ ማንሳት አቃተኝ። ቅጠሉ የሚተነፍስ መሰለኝ። አያቴ አየችኝ። «አንቺ ልጅ፣ ወደ እኔ እያየሽ ስሚ» አለችና ተረት ጀመረች፤ በጠራራ ፀሐይ፣ በሲዳምኛ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። ምን ያህል እንደፈራች ያኔ ገባኝ።

ተረቱ የአንድ አዳኝ ነው። አዳኙ ድኩላ እያባረረ መጣ፣ ድኩላው የሚገባበት ሲያጣ እንሰት በሚፍቁ ሴቶች መካከል ገብቶ ተኛ። አዳኙ ጦሩን አነሳ። ከሴቶቹ ትልቋ ቀና ሳትል፣ «እዚህ ደም ያፈሰሰ ከእንሰታችን አይቀምስም» አለችው። አዳኙም ጦሩን ዝቅ አድርጎ ተመለሰ። አያቴ ተረቱን እዚህ ላይ አቆመችው።

ባለጠመንጃው ሲዳምኛ አያውቅም። የሰፈራችን ልጅ ግን ያውቃል፣ ተረቱንም ያውቀዋል። የጓደኛውን እጅ ከእንጨቱ ላይ ቀስ አድርጎ አነሳው። ከዚያ አሁንም ወደ እኛ ሳያይ ጠየቀ፤

«እማማ፣ አዳኙ ባዶ እጁን ነው እንዴ ቤቱ የገባው?»

አያቴ አጎንብሳ መፋቋን ቀጠለች። ማታ ማታ ስትተርከው መጨረሻውን ሁላችንም ሰምተነዋል፤ አዳኙ ቤቱ ልጆች ስለሚጠብቁት ወደ ውኃው ወርዶ፣ ሊጠጣ የመጣ ሌላ ድኩላ ወግቶ ይገባል።

«ቀበሌው ከታዘዘው ኮታ አንድ ሰው ጎድሎበታል» አለ ልጁ፣ ለራሱ እንደሚናገር። ሄዱ።

ፀሐይ ስትጠልቅ አንዲት ዓሣ ሻጭ ሐይቁ ዳር ካለው ከአሞራ ገደል እየሮጠች መጣች። የእትዬ ዱካሌ አንድያ ልጅ ማርቆስ፣ ጀልባውን ስቦ መረቡን ሲዘረጋ ተይዟል። እሱን ያን ቀን ይፈልጉታል ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ ገና ዐሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ቁመቱ ግን ረዝሟል።

እትዬ ዱካሌ መፋቂያዋን አስቀመጠችና ከጉድጓዱ አፍ ተነሳች። ቅጠሉ ተነሳና ዮናስ ከጉድጓዱ ወጣ፤ ፊቱ በእንሰት ጭማቂ ርሷል፣ ሁሉንም ሰምቷል። «እኔ ልሂድና እሱን ይልቀቁት» አለ። አያቴ ሂድም ተቀመጥም ማለት አልቻለችም። የተናገረችው እትዬ ዱካሌ ናት።

«አንተ ብትሄድ እሱን የሚለቁት ይመስልሃል? ሁለታችሁንም ይወስዳሉ። ግባ።»

እሷ ራሷ ቅጠሉን መለሰችበት። ከዚያ ነጠላዋን ሳታነሳ ወደ ቀበሌ ሮጠች፣ ግን አልደረሰችበትም፤ መኪናው ሄዷል። በማግስቱ ጠዋት መጥታ የጀመረችውን እንሰት ፍቃ ጨረሰች። አያቴ እግሯ ላይ ልትወድቅ ስትል እትዬ ዱካሌ ክንዷን ይዛ አነሳቻት።

ማርቆስ አልተመለሰም። ዮናስ ዛሬ የልጅ ልጅ አይቷል፤ እትዬ ዱካሌን እስክትሞት እማዬ እያለ ጦሯት፣ ቀብሯታል። ሰዎች ልማዳችን ነው ዮናስን ያተረፈው ሲሉ እሰማለሁ፣ እውነትም ነው፣ አልከራከርም። እኔ ጋ የቀረው ግን ሌላ ነው። ዓሣ ሻጯ እየሮጠች ገብታ «ያዙት» ስትል የዮናስን ስም የምትጠራ መስሎኝ ነበር፤ «ማርቆስን» ስትል ደስ አለኝ። እናቱ አጠገቤ ተቀምጣ ደስ አለኝ፣ ፈገግ ብዬም ነበር መሰለኝ፤ እትዬ ዱካሌ ቀና ያለችው ያኔ ነው፣ ያየችውም የእኔን ፊት ነው።